ከእጅ ወደ እጅ

ጋቢ የሚያውቅ ሰው ሲገዛ መሃሉን አይዳብስም፤ ጠርዙን ይይዛል። ሸማው ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ስፋት ከያዘ የሸማኔው እጅ ተገርቷል ማለት ነው። አንድ ስንዝር ላይ ጠበብ፣ ሌላው ላይ ለቀቅ ካለ ሸማኔው ገና ተማሪ ነው፤ አለዚያም ልቡ ሌላ ቦታ ነበር። ቀጥሎ ወደ ፀሐይ አንሥቶ ያየዋል። ምቱ እኩል ካልሆነ ብርሃኑ እየተቆራረጠ በመስመር በመስመር ይገባል። በመጨረሻም ገልብጦ ቋጠሮ ይፈልጋል። ድር ሳይበጠስበት የሚሸምን የለም፤ ባለሙያን ከጀማሪ የሚለየው የተበጠሰው እንዴት እንደተቀጠለ ነው።

የአውራምባ ጋቢ ይህን ፈተና ያልፋል። አንድ ጥያቄ ግን ጨርቁን ቢያገላብጡት መልስ አይገኝለትም፦ የሸመነው ወንድ ነው ወይስ ሴት? በአካባቢው ልማድ ሴት ትፈትላለች፣ ወንድ ይሸምናል። እንዝርት የሚያሾር ጎረምሳ የመንደር መሣቂያ ነው፤ ከሽመና ዕቃ ላይ የተቀመጠች ልጅም ብዙ ሰው አይቶ አያውቅም። በአውራምባ ግን እሱ ሲፈትል እሷ ስትሸምን ይታያል፤ ከጎብኚው በቀር ዞር ብሎ የሚያያቸው የለም።

መንደሩ ያለው በፎገራ ወረዳ ነው። ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር በሚወስደው መንገድ 10 ኪሎ ሜትር ያህል ተሂዶ ከዋናው መንገድ ገባ ይባላል። ስለ ሴቶች እኩልነቱ ብዙ ተጽፏል፣ ብዙም ተቀርጿል። እኔን የሚያቆመኝ ሌላ ነገር ነው፤ ለዚህ ተብሎ ደሞዝ የማይቆረጥላቸው ሰዎች ልጆችን ለሥራና ለቁም ነገር የሚያደርሱበት አሠራር። በአንበሳሜ፣ በሐሙሲት ወይም በወረታ ዙሪያ የገጠር ወጣቶች ክበብ ላቋቁም የሚል ሰው መመሪያ ከማገላበጡ በፊት ይህን ሥራ ቀረብ ብሎ ቢያየው ይጠቅመዋል። እኔም እዚህ የማደርገው ያንኑ ነው፤ ጠርዙን መያዝ፣ ወደ ብርሃን ማንሣት፣ መገልበጥም።

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር ሲሄዱ ሐሙሲት ላይ ወደ ቀኝ የሚገነጠለው መንገድ የደራ ወረዳን ዋና ከተማ አንበሳሜን አልፎ ወደ እስቴ ይወጣል። የአውራምባው መሥራች ዙምራ ኑሩ የተወለዱት በዚያው በእስቴ በኩል ነው። እናታቸው ከአባታቸው ጋር እርሻ ውለው ሲገቡ ቤት ውስጥ ሌላ ሙሉ ሥራ እንደሚጠብቃቸው ዙምራ ገና በልጅነታቸው አዩና ለምን ብለው ጠየቁ። ጥያቄው መልስ አላገኘም፤ ይልቁንም የጠያቂው ጤንነት ተጠረጠረ። በአሥራዎቹ ዕድሜ ከቤት ወጥተው ሐሳባቸውን የሚጋራ ሰው ፍለጋ ዞሩ። በ1964 ዓ.ም. ከጥቂት ተከታዮቻቸው ጋር አውራምባን መሠረቱ። ጅማ ዩኒቨርሲቲ በ2002 ዓ.ም. የክብር ዶክትሬት የሰጣቸው ለዚህ ሥራቸው ነው።

መካከሉ ግን ቀና አልነበረም። በደርግ የመጨረሻ ዓመታት ማኅበረሰቡ ተጠርጥሮ ከቀየው ተሰደደ፤ ቦንጋ ድረስ ሄዶ ከሥርዓቱ ለውጥ በኋላ ተመለሰ። ሲመለስ የቀድሞ ይዞታው በሌላ እጅ ነበር። በእጁ የቀረው የእርሻ መሬት 17.5 ሄክታር ያህል ነው፤ ይህ ለዚያ ሁሉ ቤተሰብ አይበቃም። ሽመናው የመጣው ከዚህ ችግር ነው። መሬት ያነሰው ማኅበረሰብ ፊቱን ወደ እጁ መለሰ።

ዛሬ የደራና የፎገራ ወጣት የደረሰበትም እዚሁ ነው። የአባት ማሳ ለወንድምና ለእህት ሲካፈል ለአንዱ የሚደርሰው ጥማድ ላይሞላ ይችላል። ልጁ ሁለተኛ ደረጃ ደርሶ ይመለሳል፤ ለማረስ መሬት የለውም፣ ለቢሮ ወረቀቱ አይበቃውም፣ የእጅ ሥራ ደግሞ ያሰድበዋል። ዳግማዊ ምኒልክ ሸማኔውን፣ ቀጥቃጩን፣ ፋቂውን፣ ሸክላ ሠሪዋን በሙያቸው የሚሰድብ እንዳይኖር በ1900 ዓ.ም. አዋጅ አስነግረው ነበር። ከመቶ ዓመት በኋላም ስድቡ ከየመንደሩ ጨርሶ አልወጣም። ስለዚህ የገጠር ወጣቶች ክበብ የመጀመሪያ ሥራው ልጁ በእጁ ሲሠራ የማያፍርበት ቦታ ማበጀት ነው። በአውራምባ ይህ በንግግር አልመጣም። ታላላቆቹ፣ መሥራቹም ጭምር፣ ራሳቸው እንዝርቱን ያዙት፤ ከእነሱ በኋላ የሚስቅ ቢኖር የሚስቀው በሽማግሌ ላይ ነው።

ሙያው እንዴት እንደሚያልፍ ለማየት ሽመናውን ከሥሩ መያዝ ያስፈልጋል። ጥጡ በመዳመጫ ፍሬው ይወጣለታል፣ በደጋን ይነደፋል፣ አመልማሎ ሆኖ ይጠቀለላል፣ በእንዝርት ተፈትሎ ልቃቂት ይሆናል። ከልቃቂቱ በቀሰም ላይ ይደወራል፤ ቀሰሙ መወርወሪያው ሆድ ውስጥ ይገባል። የሽመና ቤት ልጅ ሥራ የሚጀምረው ከዚህ ከመደወሩ ላይ ነው። ቀላል ይመስላል፤ ሆኖም ቀሰሙ አንድ ጎኑ ላይ ካበጠ ክሩ በውርወራው መሃል ይይዝና ይበጠሳል፣ ሸማኔውም ሥራውን አቁሞ ቀና ይላል። ልጁ ጥፋቱን የሚያውቀው ማንም ሳይቆጣው፣ ከፊቱ በቆመው ሥራ ነው። ለጀማሪ የተሰጠው ሥራ ትንሽ ነው፤ ግን የሌላው ሥራ ተንጠልጥሎበታል። እዚህ ላይ ለልጅ ማለማመጃ ተብሎ የተፈጠረ ከንቱ ሥራ የለም።

ከዚያ ዕቃው ላይ ይቀመጣል። እግሩ ሲረግጥ ድሩ ይከፈታል፤ መወርወሪያው ከግራ ወደ ቀኝ ያልፋል፤ መምቻው ማጉን ያጠብቃል፤ እግር ይቀየራል። ጀማሪ ሲቸኩል ማጉን ይጎትተዋል፣ ጠርዙ ወደ ውስጥ ይሸሻል። ተግሣጽ ሰምቶ ሲሰጋ ደግሞ ያላላዋል፣ ከዳር ቀለበት ቀለበት ይቀራል። ይህን ቃል አያስተካክለውም። የሚያውቀው ሰው ሳብ ብሎ ይቀመጥና ጥቂት ይሸምንለታል፤ ከዚያ ተነሥቶ ይመልስለታል። የሁለቱ እጅ እዚያው ጨርቅ ላይ ጎን ለጎን ይቀራል፤ ልጁ ራሱን ከዚያ ይለካል። መምህሩ ማረም የሚችለውን ሁሉ አለማረሙ፣ በቶሎ ተነሥቶ ቦታውን መልቀቁ፣ ከሙያው ሁሉ ከባዱ ነው። ብዙ በጎ ፈቃደኛ የሚወድቀውም እዚህ ነው፤ ልጁን እየረዳሁ ነው ብሎ ሥራውን ከእጁ ይወስድበታል።

በየስብሰባው ሰሌዳ ላይ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ተብሎ ይጻፋል። ጥሩ ተረት ነው፤ ሸማኔ ግን አንድ ነገር ይጨምርበታል። ድር የቱንም ያህል ቢያብር ማግ ካላለፈበት ጨርቅ አይሆንም፤ የተወጠረ ክር ሆኖ ይቀራል። ክበብ ሲመሠረት ድሩ ይወጠራል፦ አባላት ይመዘገባሉ፣ ሊቀ መንበር ይመረጣል፣ ማኅተም ይቀረጻል። ማጉ በየሳምንቱ ሳይቀር የሚመጣው፣ ያንኑ መንገድ እየሄደ የሚመለሰው ሰው ነው። በገጠሩ ተወጥረው የቀሩ ክበቦች ብዙ ናቸው፤ ባነር አላቸው፣ ካናቴራ አላቸው፣ ሪፖርትም አላቸው። ውሎ አበል ባለበት ቀን ሙሉ ናቸው፣ በማግሥቱ ማንም የለም።

አውራምባ ማጉን የሚያሳልፈው ቀን ቆርጦ ነው። ማኅበረሰቡ በሳምንት አንድ ቀን ሠርቶ ገቢውን ለአረጋዊ፣ ለታመመና ለወላጅ አልባ ያውላል፤ ይህንም ለወገን ደራሽ ይሉታል። ልግስናው በብዙ መንደር አለ። እዚህ በሙያ የተሠራው ክፍል መደበኛነቱ ነው። የሰው ርኅራኄ አንድ ቀን ይሞቃል፣ አንድ ቀን ይበርዳል፤ የተቆረጠ ቀን ግን ስሜት አይጠይቅም። ልጁ የሚያድገው ሌላውን መርዳት እንደ ገበያ ቀን የታወቀ ቀን እንዳለው እያየ ነው። ሥራው ደግሞ በኮሚቴ ተከፋፍሏል፤ ትምህርቱን የሚከታተል፣ አረጋውያኑን የሚጦር፣ የታመመውን የሚያይ፣ እንግዳ የሚቀበል ለየብቻው አለው። ስለዚህ አንድ ሰው ሁሉን አይሸከምም፤ ሲደክም የሚተካውም ይታወቃል።

የቤቱም አሠራር እንዲሁ ነው። ቤተሰቡ በየጊዜው ተቀምጦ ይወያያል፤ በውይይቱ ላይ ልጅ አባቱ ያጠፋውን መናገር ይችላል። በእኛ አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ልጅ በአባት ፊት አፉን ሞልቶ የማይናገርበት ቤት ውስጥ አድጎ በክበብ ስብሰባ ላይ ሐሳብ ስጥ ቢሉት ከየት ያመጣዋል? አውራምባ የስብሰባውን ወግ ከምድጃው ዳር ጀመረው። ስለ ምድጃው ካነሣሁ፣ እሱም መታየት ያለበት ሥራ ነው። እሳቱ በጭቃ ተሸፍኖ ጭሱ በማውጫ ወደ ውጭ ይሄዳል፤ እንጀራ የምትጋግረው ሴትም ሆነ የሚጋግረው ወንድ ዓይኑን አያሽም። ጭቃው፣ ጭዱና ልፋቱ ከዚያው ከመንደሩ ነው፤ ጎረቤት አይቶ ሊሠራው ይችላል። ይህን ነጥብ እንያዘው፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

ፊደሉም በዚሁ መንገድ ሄደ። የቆጠረው ላልቆጠረው፣ ታላቁ ለታናሹ ያስቆጥር ነበር። ይህን ከውጭ የመጣ ዘዴ የሚመስለው ካለ የአገሩን ትምህርት ቤት ረስቷል። በቆሎ ተማሪ ቤት የኔታ ብቻቸውን መቶ ልጅ አያስተምሩም። ዳዊት የደገመው ፊደል ለሚቆጥረው ያስጠናል፤ ከፍ ያለው ዝቅ ያለውን ይሰማል፣ ያርማል፣ ከዚያ ራሱ ወደ የኔታ ቀርቦ ይታረማል። ደቡብ ጎንደር የዚህ ሙያ አገር ነው፤ ድጓ የተማረ ለምስክርነት ወደ ጋይንት ቤተ ልሔም ይወጣ ነበር፣ ዝማሬ መዋሥዕት ለሚፈልግ ደግሞ ዙር አምባ አለለት። በዚያ ሥርዓት አንድ ሰው ተማረ የሚባለው ማስተማር ሲጀምር ነው። አውራምባ ሃይማኖታዊ ተቋም አልሠራም፤ ነገር ግን የእምነት ልዩነቱን ወደ ጎን ብንተወው፣ ታላቁን ለታናሹ ተጠያቂ የማድረጉ ጥበብ ከዚያው ምድር የበቀለ ነው።

ወደ ሁለተኛው ሥራ ልለፍ፤ ይህኛው በስሙም በተግባሩም የክበብ ሥራ ነው። በ1996 ዓ.ም. ፖፑሌሽን ካውንስል የተባለው የምርምር ድርጅት ከክልሉ የወጣቶችና ስፖርት ቢሮ ጋር ሆኖ ብርሃነ ሔዋን የተባለ ፕሮግራም በአማራ ክልል ገጠር፣ በሞሰቦ ጀመረ። ሐሳቡ ሴት ልጆች ያለ ዕድሜያቸው እንዳይዳሩ ነው። ይህን የሚከለክል ሕግ አለ፣ ስብከትም ነበር። ብርሃነ ሔዋን የሠራው ከሕጉና ከስብከቱ በታች ያለውን መገጣጠሚያ ነው።

ቀረብ ብለን እንየው። ልጆቹን የመዘገቡት ከዚያው አካባቢ የተመረጡ ሴቶች ናቸው፤ ቤት ለቤት እየሄዱ። ይህ ብቻውን የሙያ ምልክት ነው። በቀበሌ ማስታወቂያ ቢለጠፍ የምትመጣው ቀድሞም መውጣት የተፈቀደላት ልጅ ናት፤ የተደበቀችው እዚያው ትቀራለች። ደጃፍ ድረስ የምትመጣው ደግሞ እናትየው የምታውቃት ጎረቤት ስለሆነች በሩ አይዘጋባትም። ትምህርት ቤት ያለችዋ ደብተርና እርሳስ ተሰጣት፤ ያቋረጠችዋ በቡድን ሆና ፊደልና የእጅ ሙያ ተማረች፤ ቀድሞ የተዳረችዋ ደግሞ የራሷ ክበብ ተበጀላት። ሦስት ዓይነት ልጅ፣ ሦስት ዓይነት ደጅ። አንድ መርሐ ግብር ለሁሉም ቢሰፋ ኖሮ ለማንም ልክ አይሆንም ነበር። ጎን ለጎንም ወላጆችና ሽማግሌዎች ስለ ጉዳዩ የሚነጋገሩበት ውይይት ይካሄድ ነበር።

ከዚያ ፍየሏ አለች። ልጃቸውን ሁለት ዓመት ሳይድሩ በፕሮግራሙ ላቆዩ ቤተሰቦች በመጨረሻው አንዲት ፍየል ተሰጠቻቸው፤ ያውም በሕዝብ ፊት፣ ለልጅቱና ለወላጆቿ በጋራ። የፍየሏ ዋጋ ትንሽ ነው፤ ለጥሎሽ ከሚመጣው ጋር አይወዳደርም። ሥራዋ ሌላ ነው። አባትየው ዘመድ መጥቶ ልጅህን ለልጄ ሲለው እምቢ የሚልበት ምክንያት አገኘ፤ ቃል ገብቻለሁ፣ ሰው ሁሉ ያውቃል ይላል። በእኛ ባህል በምስክር ፊት የገባ ቃል ከወረቀት ይጸናል። የተሰጠችው ደግሞ በጋራ ስለሆነ ልጅቱ በአባቷ ደጅ ድርሻ ያላት ሰው ሆና ታየች። ይህን ያሰበ ሰው ገጠሩን ያውቃል።

በ1998 ዓ.ም. ፕሮግራሙ ካልደረሰበት ቀበሌ ጋር ሲነጻጸር ከ10 እስከ 14 ዓመት ያሉት ልጆች ትምህርት ቤት የመገኘት ዕድላቸው በሦስት እጥፍ የበለጠ ሆኖ ተገኘ፤ የመዳር ዕድላቸው ደግሞ ወደ አንድ አሥረኛ ወርዷል። አሁን እንገልብጠው። ከ15 እስከ 19 ያሉት ላይ ውጤቱ ተቃራኒ ነበር፤ በፕሮግራሙ አካባቢ ያሉት ከሌላው ይልቅ ተድረው ተገኙ። ጋብቻው ተገፍቶ ነበር እንጂ አልቀረም። ጥናቱን የሠሩት ሰዎች ይህን ሳይደብቁ አወጡት፤ እኔ ለሥራው ያለኝ አክብሮት የጨመረው በዚህ ነው። የተበጠሰው የት እንደሆነ ካልታየ የሚቀጥል የለም።

የገጠር ልጆች ክበብ በዓለም የታወቀበት መንገድም ከዚህ አይርቅም። ፎር ኤች በመባል ያደገው እንቅስቃሴ መነሻው አሜሪካ፣ ኦሃዮ ውስጥ በ1902 እ.ኤ.አ. የተሰበሰቡ የገበሬ ልጆች ናቸው። ምልክቱ ባለ አራት ቅጠል ማገጥ ነው፤ ለራስ፣ ለልብ፣ ለእጅና ለጤና። በመጀመሪያዎቹ የበቆሎ ክበቦች እያንዳንዱ ልጅ ቁራሽ መሬት ይዞ በአዲስ ዘርና በአዲስ ዘዴ አለማ፤ ያወጣውንና ያገባውን በደብተር ጻፈ። አባቶች ከተማረ ሰው አፍ ያልተቀበሉትን ከልጆቻቸው ማሳ ተቀበሉ። አንድ ልጅ፣ አንድ ማሳ፣ አንድ ደብተር፣ አንድ ጎረቤት በጎ ፈቃደኛ፤ ሙያው ይህን ያህል ትንሽ በመሆኑ በየመንደሩ ሊደገም ቻለ።

እኛ ዘንድ ነገር እንዴት እንደሚስፋፋ ከፎገራ ሜዳ የተሻለ አስተማሪ የለም። ሩዝ በዚህ ሜዳ የተጀመረው በደርግ ዘመን በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች እርዳታ በሁለት የገበሬ አምራች ማኅበራት ነው፤ አንዱ በፎገራ ወረዳ ሻጋ፣ ሌላው እዚሁ አንበሳሜ በምታስተዳድረው ደራ ወረዳ፣ ጂግና ላይ። ማኅበራቱ ሲፈርሱ ሩዙም አብሮ የሚቀር መስሎ ነበር። ዘሩ ግን ገበሬው እጅ ገብቷል። ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳውን ሲያጥለቀልቁ ሌላው ሰብል ይጠፋል፣ ሩዝ ይቆማል፤ ይህን ጎረቤት ከጎረቤት አየ። በቁና ተሰፍሮ ከደጅ ወደ ደጅ ሄደ፤ ከጤፍ ጋር ተቀላቅሎ እንጀራ ሆነ። ኤክስ ጂግና የሚባለው ዝርያ ዛሬም የዚያችን ቀበሌ ስም ተሸክሞ ይዘራል፤ ወረታም ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል ያለባት ከተማ ሆናለች። ድርጅቱ ፈረሰ፣ ሰው ተሸክሞት ሊሄድ የሚችለው ክፍል ተረፈ።

እንግዲህ ክበብን ማሳደግ ማለት ለእኔ ይህ ነው። አውራምባ እንደ ሙሉ ማኅበረሰብ አልተባዛም፤ አይገርምም፣ የሚጠይቀው ሙሉ ሕይወትን ነው። ሰው ሃይማኖቱን፣ ርስቱንና ዘመዱን ትቶ አይከተልም። ከሥራው የሚነቀሉ ክፍሎች ግን አሉ፦ የተቆረጠው ቀን፣ ታላቁ ለታናሹ የሚያስቆጥረው ፊደል፣ ልጅ የሚናገርበት የቤተሰብ ውይይት፣ ጎረቤት አይቶ የሚሠራው የጭቃ ምድጃ። ከብርሃነ ሔዋንም ቤት ለቤት ምዝገባውና በሕዝብ ፊት የተገባው ቃል ይነቀላል። እነዚህን አንዲት የመንደር ሴት ያለ ፕሮጀክት፣ ያለ መኪና፣ ያለ አበል ልትደግማቸው ትችላለች። በሙያ የተሠራ ነገር ምልክቱ ይህ ነው፤ የሠራው ሰው ቢሄድም አሠራሩ ለሌላው ግልጽ ነው።

አንበሳሜ ላይ ይህን የሚጀምር ሰው ከቀን መቁጠሪያው ቢነሣ ጥሩ ነው። የከተማው የበጎ ፈቃድ አገልግሎት ክረምት ላይ ነው፤ ተማሪ የሚያርፈው ያኔ ስለሆነ። በሜዳው ግን ክረምት ውኃው የሚሞላበት፣ የሩዙ አረም እጅ ሁሉ የሚጠራበት ጊዜ ነው፤ የገበሬ ልጅ ሐምሌ ላይ ና ቢባል አይመጣም፣ ቢመጣም ቤቱን በድሎ ነው። ከዚያ ይልቅ ገበሬው በሬ የማይጠምድባቸው ቀናት በየወሩ አሉ። በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም እርሻ አይወጣም፤ ተቀምጦ መነጋገር፣ ማስጠናትና ማስተማር ግን የሚከለክል የለም። ዓርብ ከጁምዓ በኋላም ለሙስሊሙ ጎረቤት እንዲሁ ነው። ጽዋው፣ ሰንበቴው፣ ዕድሩ የሚሰበሰቡት ጊዜውን ስላወቁ ነው፤ ለዘመናት ያለ አበል የኖሩትም ስለዚህ ነው። ክበቡም በእነሱ ትርፍ ሰዓት ላይ ቢገጠም ማንንም ከሥራ አያስቀርም።

በጎ ፈቃደኛውም ከሩቅ አይመጣም። ጡረታ የወጣ መምህር አለ፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ አለች፤ ከወረታ ግብርና ኮሌጅ ተመርቆ ሥራ የሚጠብቅ ልጅ አለ፤ ጥሩ የምትፈትል አያት አለች፤ ስድብ የለመደ ሸማኔ አለ። ከእነዚህ እያንዳንዳቸው አሥር ልጅ ያህል ቢይዙ፣ ያም አሥር ልጅ አንድ ነገር በእጁ እስኪያወጣ ድረስ ሌላ ባይጨመር ይበቃል። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልሉ በተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ልጆች ቤት በዋሉበት ወቅት እንዲህ ያለው ትንሽ ስብስብ ያለው ዋጋ የበለጠ ታይቷል። ግቢና ደወል አይጠይቅም፤ በአንድ ቤት ጥላ ሥር ይካሄዳል።

ሪፖርት የሚጠይቀው ክበቡ ስንት አባል እንዳለው ነው። አሥሩ ሺህ ሊባልበት የሚችል ጥያቄ ነው፣ ሲባልም ሰምተናል። የጥሩ ሥራ ጥያቄ የቆሎ ተማሪ ቤት ሲጠይቅ የኖረው ነው፦ ካስተማርካቸው ውስጥ ዛሬ ሌላ የሚያስተምር ስንት አለ? በዚህ መለኪያ የብዙ ክበቦች ቁጥር ወደ ዜሮ ይወርዳል። አውራምባ ግን ከተመሠረተ ከአምሳ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ፊደል አስቆጣሪ፣ ፈታይና ሸማኔም ከራሱ ልጆች ያወጣል። በሜዳው ዙሪያ ለወጣት ከተሠሩት ነገሮች ሁሉ ከነጉድለቱ በእጅ ሥራው የምመርጠው እሱን ነው፤ ከእሱ ለመውሰድም የማንንም ፈቃድና በጀት መጠበቅ አያስፈልግም።